ሙዚቃን የሚከተል ስክሪን፦ ለመድረክ ቪዲዮ ሶፍትዌር ስለመምረጥ ከድሬዳዋና ከሐረር የተገኘ ተሞክሮ

በድሬዳዋና በሐረር በሠርግ፣ በኮንሰርትና በበዓል መድረኮች ላይ ከባንድና ከዲጄ ጎን ቆሜ ስክሪኑን የመምራት ሥራ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልጉ ወጣቶች አስቀድመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚል ነው። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ምስሉ የሚያጅበው ማንን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። የተቀዳ ሙዚቃ ለሚያጫውት ዲጄ የሚመቸው ሶፍትዌር፣ እንደ ጭፈራው ግለት ለሚፈጥንና ለሚዘገይ ባንድ ላይመች ይችላል። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሥራ ከባንድ ጋር ስለሆነ፣ ሶፍትዌር ስመርጥ ከሁሉ የማስቀድመው ሙዚቀኛው ሐሳቡን ሲለውጥ እጄ ምን ያህል ቶሎ ሊከተለው እንደሚችል ነው። የምስሉ ውበትና የኢፌክቱ ብዛት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በውጭ አገር የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ላይ የምናያቸው ትልልቅ ኮንሰርቶች አብዛኛውን ጊዜ በቋሚ ምት የሚመሩ ናቸው። ድራመሩ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን ምት ተከትሎ ይጫወታል፤ ያው ምት ወይም የጊዜ ኮድ ለመብራቱና ለቪዲዮው ኮምፒውተርም ስለሚላክ፣ ዘፈኑ የትኛው ሰከንድ ላይ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል። በእኛ ሠርግ ላይ ግን ሙሽሮቹ ለጭፈራ ሲነሡ ዘፋኙ አዝማቹን ደጋግሞ ያዞረዋል፤ ሽልማት የሚሰጥ ሰው ወደ መድረኩ ሲወጣ ስሙን እየጠራ ዘፈኑን ያራዝመዋል፤ ጭፈራው ሲግል ደግሞ ባንዱ ማንም ሳያዘው ፍጥነቱን ይጨምራል። በአንድ ምሽት የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የሐረሪ ዘፈኖች ያለ ዕረፍት ይፈራረቃሉ። በዚህ መሐል ስክሪኑ በራሱ ሰዓት ከሄደ የኪቦርድ ተጫዋቹ ወዲያው ያውቀዋል፤ «አቦ፣ ስክሪንህ ጥሎን ሄደ እኮ!» ለማለትም አይዘገይም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በማስተማሪያ ቪዲዮዎች ላይ የማይነገር አንድ ጉዳይ አለ። ሶፍትዌሮቹ ሙዚቃን የሚቆጥሩት በአራት አራት ምት እየከፈሉ ነው። ችክችካ የምንለው ምት ግን ስድስት ትንንሽ ምቶች በሦስት በሦስት ተቧድነው ሁለት ከባድ ምት የሚሰጡበት ነው። ፍጥነቱን ለሶፍትዌሩ ለማሳወቅ ታፕ የሚባለውን ቁልፍ በትንንሾቹ ምቶች ልክ የሚመታ ሰው፣ ከባዱ ምት በደቂቃ 120 ለሆነ ዘፈን 360 ያስነብባል፤ ምስሉም ማንም በማይከተለው ፍጥነት ይብለጨለጫል። የከበሮውን ከባድ ምት ብቻ ከተከተለ ግን የሶፍትዌሩ አራት ምት የዘፈኑን ሁለት ሙሉ ዙር ይይዝለታል፤ የምስሉም ለውጥ ጭፈራው በሚዞርበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ችግሩ የሚቀረው ከምት ባነሰ ጊዜ የሚለዋወጡ ኢፌክቶች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሮቹ ቀድመው የሚያቀርቡት ፍጥነትን በሁለት የማባዛትና ለሁለት የማካፈል ቁልፍ ሲሆን፣ በችክችካ ውስጥ ከከባዱ ምት በታች ያለው ክፍፍል ሦስት ነው። ምቱ ለሁለት ሲከፈል ብልጭታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ትንሽ ምት መካከል፣ ከበሮው ምንም በማይልበት ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድን ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት አንድ የችክችካ ዘፈን ክፈቱ፤ ከባዱን ምት እየተከተላችሁ ታፕ አድርጉ፤ ከዚያም ክፍፍሉን ሦስት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ፈልጉ። የማይቻል ከሆነ በእንዲህ ዓይነት ዘፈን ላይ ከአንድ ምት ያነሰ ኢፌክት አለመጠቀም ይሻላል፤ እኔ እስካሁን በብዙ ዘፈኖች ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ለባንድ ሥራ እኔ የረጋሁበት ሶፍትዌር ሬዞሉም ነው። አቬኑ እና አሬና የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ገጹ እንደ ሰንጠረዥ የተደረደረ ነው፤ አግድም ያሉት ረድፎች ሌየሮች (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡ የምስል ንብርብሮች) ሲሆኑ፣ በየሳጥኑ ውስጥ አንድ አንድ ክሊፕ ይቀመጣል፤ አንድን ዓምድ በአንድ ጊዜ መንካት ደግሞ በዚያ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ክሊፖች በሙሉ ያስነሣል። ከታች በዝግታ የሚንቀሳቀስ የጀርባ ምስል፣ ከእሱ በላይ ምት የሚከተል ክሊፕ፣ ከዚያ ካሜራ፣ ከሁሉ በላይ ጽሑፍ አድርጌ እደረድራለሁ። ዘፋኙ አዝማቹን ስንት ጊዜ እንደሚደግመው ስለማይታወቅ ለአንድ ዘፈን ቀጥ ያለ ቅደም ተከተል አላዘጋጅም፤ ለመግቢያው፣ ለስንኙ፣ ለአዝማቹና ለጭፈራው አንድ አንድ ዓምድ አዘጋጅቼ ባንዱ ወደሚሄድበት እሄዳለሁ።

ምት የሚከተለው ክሊፕ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ። በሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ከአንዱ አስፈቅጄ የስፌት መኪናውን መርፌ በቅርብ ቀረጽኩ፤ ጨርቁ ሐረሪ ሴቶች የሚወዱት ደማቅ ቀለም ያለው ነበር። ከቀረጻው ላይ መርፌው ስምንት ጊዜ የሚወርድበትን ቁራጭ ብቻ ቆርጬ፣ ርዝመቱ ስምንት ምት እንደሆነ ለሬዞሉም ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስነው ባንዱ ነው። ምቱ በደቂቃ 120 ሲሆን ቁራጩ በ4 ሰከንድ ያልቃል፤ ባንዱ ወደ 132 ሲያፈጥን እኔም አብሬ ታፕ ሳደርግ ወደ 3.6 ሰከንድ ያጥራል፤ መርፌውም ከከበሮው ጋር አንድ ላይ ይወርዳል። ከበሮው ሲያፈተልክ ሪሲንክ የሚለውን ቁልፍ በከባዱ ምት ላይ መንካት ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ያስጀምረዋል። በአንድ ምሽት ከሌላው ሁሉ በላይ የምጠቀምባቸው እነዚህን ሁለት ቁልፎች ስለሆነ፣ ዓይኔን ከመድረኩ ሳላነሣ እንዳገኛቸው አካይ ኤፒሲ ሚኒ በሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ጥግ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። በማውስ የሚሠራ ሰው ባንድን መከተል አይችልም ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

በአሬና እና በአቬኑ መካከል ያለው ልዩነት ለጀማሪ ብዙም አያስፈልግም። አሬና ምስልን ከሕንፃ ቅርጽ ጋር ማጣጣምን፣ የሁለት ፕሮጀክተሮችን ጠርዝ ማዋሃድን፣ የጊዜ ኮድንና የመብራት ቁጥጥርን ይጨምራል። አንድ የኤልኢዲ ስክሪን ይዞ ሠርግ ለሚሠራ ሰው አቬኑ በቂ ነው።

ተች ዲዛይነር ፈጽሞ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። ዝግጁ ሰንጠረዥ አይሰጥም፤ ትንንሽ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኙ የራስን መሣሪያ መሥራትን ይጠይቃል። የሦስት ክፍፍሉን ችግር ከሥሩ መፍታት የሚቻለው እንዲህ ባለ ሶፍትዌር ነው፤ ምቱን ለሦስት ማካፈል አንዲት መስመር ሒሳብ ብቻ ናትና። ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ የሚሰጠው ቅጂ የምስሉን መጠን ከ1280 በ1280 ፒክሰል በላይ እንዲሆን አይፈቅድም። ይህ ገደብ ብዙዎችን ያስፈራል፤ በአካባቢያችን የሚከራዩትን ስክሪኖች መጠን ለሚያውቅ ግን ለመማሪያ የሚያንስ አይደለም። በ3.91 ሚሊሜትር የፒክሰል ርቀት የተሠራ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አንድ የኤልኢዲ ካቢኔ 128 በ128 ፒክሰል ይይዛል። 4 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ስክሪን ስምንት ካቢኔ በአምስት ስለሆነ ጠቅላላ መጠኑ 1024 በ640 ነው፤ ከገደቡ በታች ነው ማለት ነው። ሆኖም ነጻው ቅጂ ለሚከፈልበት ሥራ እንዳይውል ፈቃዱ ይከለክላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ተማሩበት እንጂ ክፍያ ወደተቀበላችሁበት መድረክ አትውሰዱት። ሌላም ጥንቃቄ አለው፤ በራስ የተሠራ መሣሪያ በመድረክ መሐል ቢበላሽ የሚጠግነው የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ ረዳት ለአንድ ሰዓት ቦታውን ይያዝልኝ ማለትም አይቻልም።

ለቴአትርና ለዳንስ የሚያዘጋጅ ሰው ኢሳዶራን ይመልከት። ይህ ሶፍትዌር ትሮይካ ራንች ከተባለ የዳንስ ቡድን ውስጥ የወጣ ሲሆን የሠራውም ማርክ ኮኒሊዮ ነው፤ ትዕይንትን በትዕይንት እየተኩ መሄድ ለሚፈልግ መድረክ የተመቸ ነው። ቪዲኤምኤክስ፣ ሞዱል8 እና ኪውላብ ደግሞ የተመሰገኑ ቢሆኑም የሚሠሩት በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በእጃችን ያለው ላፕቶፕ በአብዛኛው ዊንዶውስ ስለሆነ በእነሱ ላይ አልቆይም። ሙዚቃን ሰምተው በራሳቸው ቅርጽ የሚፈጥሩ እንደ ሚልክድሮፕ ያሉም አሉ፤ ለዲጄ ያምራሉ፤ በሠርግ ላይ ግን መድረክ መሪው ማይክ ይዞ የሚናገረውንም እንደ ሙዚቃ ስለሚቆጥሩት ምርቃቱ መሐል ሳይቀር ይጨፍራሉ።

ኦቢኤስ ስቱዲዮን ለብቻው ማንሣት ይገባል፤ ምክንያቱም ነጻ ነው፣ ክፍት ነው፣ ብዙ ሰው ለቀጥታ ሥርጭት ስለተጠቀመበትም ያውቀዋል። ምት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ክሊፕን ከዘፈን ፍጥነት ጋር የሚያስማማበት መንገድም የለውም። ነገር ግን ደንበኞች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት የሙሽሮቹን ፊት በትልቁ ማየት ነው፤ ካሜራዎችን በማፈራረቅ ረገድ ኦቢኤስ አስተማማኝ ነው። ምስሉን በቀኝ ጠቅታ ወደ ሁለተኛው ስክሪን ሙሉ አድርጎ መላክ ይቻላል። ገንዘብ የሌለው ጀማሪ በኦቢኤስ ጀምሮ የመጀመሪያ ሥራዎቹን በካሜራና በጥቂት የጀርባ ክሊፖች ቢሠራ አላፍርለትም፤ እንዲያውም እመክረዋለሁ። ካሜራን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሠራ ካሜራ እያንዳንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ምስሉ ካሜራውን ከላፕቶፑ ጋር በሚያገናኘው ካፕቸር ካርድ፣ በሶፍትዌሩና ምስሉን ተቀብሎ ለስክሪኑ በሚያከፋፍለው ፕሮሰሰር ሲያልፍ ጥቂት ፍሬም ይዘገያል። ድምፅ ራሱ 17 ሜትር ያህል ለመጓዝ ወደ 50 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅበት ከኋላ የተቀመጡት መዘግየቱን እምብዛም አያዩትም፤ ከድምፅ ማጉያው ሥር የተቀመጡት ግን የዘፋኙ ከንፈርና ድምፁ እንዳልገጠሙ ያውቃሉ። ስለዚህ ካሜራውን በአንድ ሶፍትዌር ተቀብሎ ወደ ሌላ ከማሳለፍ በቀጥታ ስክሪኑን ወደሚመራው ሶፍትዌር ማስገባት ይሻላል።

ሶፍትዌሩ ከተመረጠ በኋላም ቢሆን፣ የክሊፖቹ ፋይል ዓይነት ካልተስተካከለ የትኛውም ሶፍትዌር እጅን አይታዘዝም። ከስልክና ከካሜራ የሚወጡት ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ ኤች 264 በሚባለው ኮዴክ (የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ) የታመቁ ናቸው። ይህ ኮዴክ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ አይመዘግብም፤ አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ፍሬም ይይዝና ለቀሩት ከዚያ ምን እንደተለወጠ ብቻ ይጽፋል። ይህን ፋይል ለማውጣት በብዛት የሚያገለግለው ኤክስ 264 በነባሪ ቅንብሩ እስከ 250 ፍሬም ድረስ ያለ ሙሉ ፍሬም ሊሄድ ይችላል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታሰብ 10 ሰከንድ ማለት ነው። ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ ምንም አይልም፤ እኔ ግን አዝማቹ ሲመጣ ወደ ክሊፑ መሐል መዝለል ወይም ወደ ኋላ ማጫወት ስፈልግ፣ ኮምፒውተሩ ከመጨረሻው ሙሉ ፍሬም ጀምሮ ሒሳቡን ሠርቶ እስኪደርስ ድረስ ምስሉ ይንገታገታል። ለመድረክ የተሠሩት ኮዴኮች፣ ማለትም የሬዞሉም የራሱ ዲኤክስቪ እና ለሁሉም ክፍት የሆነው ሃፕ፣ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አድርገው ይይዛሉ፤ ፍሬሙን የመፍታቱን ሥራም በአብዛኛው ለግራፊክስ ካርዱ ይተዉታል። ከሬዞሉም ጋር የሚሰጠው አሊ ወደ ዲኤክስቪ ይለውጣል፤ ወደ ሃፕ ለመለወጥ ደግሞ ሸተር ኢንኮደር በነጻ ይገኛል።

የዚህ ዋጋው የፋይሉ መጠን ነው። አንድ 1920 በ1080 የሆነ የሃፕ ክሊፕ በሰከንድ ወደ 26 ሜጋባይት ይደርሳል፤ አራት ሌየር በአንድ ጊዜ ሲጫወት ከ100 ሜጋባይት በላይ በየሰከንዱ መነበብ አለበት ማለት ነው። በድሮ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ያውም ከአራት ቦታ እየዘለለ፣ ይህን አይችለውም። የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ተራ ኤስኤስዲ ዲስክ ግን በሰከንድ ወደ 500 ሜጋባይት ስለሚያነብ በቀላሉ ይወጣዋል። ጥቂት ብር ያለው ሰው ከሶፍትዌሩም ከአዲስ ላፕቶፕም በፊት ኤስኤስዲ ይግዛ የምለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክሊፑን በስክሪኑ ትክክለኛ መጠን ማዘጋጀት ነው። ቀደም ብዬ ለጠቀስኩት የ1024 በ640 ስክሪን የተዘጋጀ ክሊፕ በሰከንድ ከ8 ሜጋባይት ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከሙሉው መጠን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥራት ግን ያው ነው። ስለዚህ ሥራ ስትቀበሉ ለስክሪኑ አከራይ በቅድሚያ የምታቀርቡት ጥያቄ «ስንት ካቢኔ በስንት ነው? ፒክሰሉስ?» የሚል ይሁን። ሃፕ የምስሉ ስፋትና ቁመት ለአራት እንዲካፈል ስለሚፈልግ እሱንም አብራችሁ አረጋግጡ። ዋናውን ቀረጻ ግን እንዳትሰርዙት፤ የሚቀጥለው ስክሪን ሌላ መጠን ይኖረዋል።

ድምፁን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ምስሉ ከበሮውን እንዲሰማ የሚፈልግ ሰው በላፕቶፑ ማይክ አይተማመን፤ ማይኩ እልልታውንና የእንግዳውን ጨዋታ ከሙዚቃው ጋር ደባልቆ ይሰማል። ከሚክሰሩ ባለሙያ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ከበሮውና ቤዙ ብቻ የሚወጡበት አንድ የኦግዚለሪ መስመር መለመን ይሻላል፤ ሚክሰሩ ላይ ትርፍ መውጫ ካለ ማንም አይከለክላችሁም።

ቀጥሎ ያለው ፈተና የድሬዳዋ ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ በድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ላፕቶፕ፣ ማታ ክፍል ውስጥ ሲሞከር ያልታየበት ጠባይ ያመጣል፤ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፍሬሞችም መዝለል ይጀምራሉ። ስለዚህ ሁለት ሶፍትዌሮችን የሚያወዳድር ሰው ማነጻጸር ያለበት በአምስት ደቂቃ ሙከራ አይደለም። ያው ክሊፕ፣ ያው የሌየር ብዛት ተጭኖ፣ በቀኑ ሞቃት ሰዓት ያለ ማራገቢያ ሁለት ሰዓት ያህል ይሂድና በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ላይ የፍሬም ብዛቱ ስንት እንደሆነ ይታይ። ሐረር ከፍ ያለች ደጋማ ከተማ ስለሆነች ያው ላፕቶፕ እዚያ ያለ ችግር ሊያመሽ ይችላል፤ እዚያ የተሳካ ሙከራ ለድሬ ማረጋገጫ አይሆንም።

የመብራት መቋረጥ ደግሞ ሶፍትዌሩን ራሱን የሚፈትን ነገር ነው። መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሣ ድረስ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ ግን ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ዊንዶውስ ሁለተኛው ስክሪን እንደተነቀለ ይቆጥራል፤ ኃይሉ ሲመለስም የስክሪኖቹን አቀማመጥ ሊያዛባ ይችላል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ምስሉን በራሱ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ሌላው የመቆጣጠሪያ ገጹን፣ ከነአቃፊዎቹ ስም፣ በእንግዶች ፊት ይዘረጋል። ይህን ቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፤ ክሊፕ እየተጫወተ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ንቀሉት፤ ጥቂት ቆይታችሁ መልሱት፤ ከዚያም እጃችሁን ሳታስገቡ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። በተጨማሪም ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን የግራፊክስ ካርዱን ኃይል የሚቀንሰውን የዊንዶውስ ቅንብር ቀድማችሁ አስተካክሉ። ለስክሪኑ ፕሮሰሰር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ማግኘት ከተቻለ ከዚህ ችግር ግማሹ ይወገዳል፤ ፕሮሰሰሩ ካልጠፋ ላፕቶፑ መብራት መሄዱን እንኳ አያውቅምና።

በእኛ ከተሞች የሙሽሮች ስም በግዕዝ ፊደል፣ በላቲን ፊደል፣ በሐረር ደግሞ ብዙ ጊዜ በዐረብኛ ፊደል እንዲጻፍ ይጠየቃል። የሶፍትዌሮቹ የጽሑፍ መሣሪያ የግዕዝ ፊደልን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ከተጫነ አብዛኛውን ጊዜ ያወጣዋል። የዐረብኛው ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ አንዳንዱ መሣሪያ ፊደላቱን ሳያያይዝና ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጦ ይጽፋቸዋል። በቤተሰብ ፊት እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ነውር ስለሆነ፣ እኔ የዐረብኛውን ጽሑፍ ሁልጊዜ በሌላ ፕሮግራም አዘጋጅቼ፣ ቋንቋውን ለሚያነብ ሰው አሳይቼ፣ ጀርባው ግልጽ በሆነ የፒኤንጂ ምስል መልክ ነው የማስገባው።

ስለ ዋጋም መነጋገር ያስፈልጋል። አቬኑ በ299 ዩሮ፣ አሬና በ799 ዩሮ ለዓመታት ሲሸጡ ቆይተዋል፤ ፈቃዱ ለሁልጊዜ ሲሆን የአንድ ዓመት ማሻሻያ ያካትታል። ለድሬ ልጅ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈልም ሌላ ጣጣ አለው፤ ብዙዎች የሚገዙት ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው። የሙከራ ቅጂው በምስሉ ላይ የራሱን ምልክት ቢያወጣም ሌላው ሁሉ ስለሚሠራ፣ ከላይ ያልኳቸውን ፈተናዎች በሙሉ ሳይከፍሉ ማድረግ ይቻላል። ክራክ የተደረገ ቅጂ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር አውቃለሁ፤ የሥራ ላፕቶፕ ላይ ግን አላስገባም። ቅጂውን ለመጫን የኮምፒውተሩን መከላከያ ማጥፋት ይጠይቃል፤ ሠርግ መሐል ሲዘጋ የሚጠየቅ አካል የለም፤ የሰው ድካምም ነው። ሁለት ሦስት ሆኖ ተዋጥቶ አንድ ፈቃድ መግዛትና ተራ በተራ መሥራት ይሻላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፈቃዱን ከአንድ ላፕቶፕ አውጥቶ ወደ ሌላ ማዛወር እንዴት እንደሚፈቀድ አንብቡ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ማዛወር ሊያስቸግር እንደሚችል አስባችሁም ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

በሐረር በዓላት ላይ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ ከሶፍትዌር በፊት ሽማግሌዎቹን ያናግር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ሹዋሊድ የሚከበረው በዚክሪና በከበሮ ነው፤ ምሽቱን ሙሉ በእንጨት እያጨበጨቡ የሚያወድሱ ሰዎች ባሉበት ቦታ ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። የምስል አጀብ የሚያስፈልገው ከዚያ ውጭ ለዘፈን በሚዘጋጅ መድረክ ነው። የጁገልን ግንብ በፕሮጀክተር ለማልበስ የሚመኙም አሉ፤ ግንቡ ሸካራና ጠቆር ያለ ድንጋይ ስለሆነ ብርሃን ይውጣል፤ ቅርስ በመሆኑም ፈቃድ ይጠይቃል። በኖራ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ በዚያው ፕሮጀክተር እጅግ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

አሁን የምሠራበት አደረጃጀት እንዲህ ነው፦ ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ፣ አቬኑ፣ ትንሹ መቆጣጠሪያ፣ አንድ ካፕቸር ካርድ፣ ከሚክሰሩ የሚመጣ አንድ መስመር። ከዚህ ሌላ፣ የስክሪኑ ፕሮሰሰር ሁለተኛ የኤችዲኤምአይ መግቢያ ካለው፣ የሙሽሮቹ ስም ያለበት አንድ ረጅም ክሊፕ እየደጋገመ የሚያጫውት ተራ የፍላሽ ማጫወቻ እዚያ ላይ ሰክቼ እተወዋለሁ። ላፕቶፑ እንደገና መነሣት ቢኖርበት ረዳቴ የፕሮሰሰሩን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደዚያ ይቀይራል፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነም ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት በፕላስተር ምልክት እናደርግበታለን።